ራስን ከመለካት በፊት

ሰው የገዛ ጉልበቱን በራሱ ሊለካ ይችላልን? ይችላል ካልን ደግሞ፣ የዛሬውን ልኬት ከትናንቱ ጋር አስተያይቶ «በረታሁ» ወይም «ደከምሁ» ለማለት የሚያበቃው ምንድን ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሐኪም ቤት ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ እትም ልናነሣው የወደድነው ውሎ አድሮ የኅሊና ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው ነው፤ አንባቢያችንም ጥቂት ቢታገሠን ለምን እንዲህ እንዳልን ይረዳናል ብለን እናምናለን።

በካምፕ የሚኖር ሰው መለካትን ያውቃል። በመጣን ዕለት ተቆጥረናል፤ በሚዛን ላይ ቆመናል፤ የልጆቻችን ክንድ በጥብጣብ ተከብቦ ቀለሙ ታይቷል፤ የቤተሰባችን ብዛት በካርድ ላይ ሰፍሯል። እነዚህ ሁሉ ሌላው እኛን የለካባቸው ናቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን ሰው ራሱን የሚለካበት፣ ማንም የማያዘው ልኬት አለ። ጠዋት ከመደባቸው ሳይወርዱ ሁለት ጣታቸውን በእጃቸው አንጓ ላይ አሳርፈው የደም ሥራቸውን ምት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉ። የደም ግፊታቸውን ቁጥር በልጆቻቸው ደብተር ጀርባ ላይ በተርታ የሚያስጽፉ እናቶች አሉ። ከወጣቶቻችንም መካከል ስልኩ ወይም በእጁ ያሰረው ሰዓት «የዛሬው ኃይልህ ይህን ያህል ነው» ሲለው ቀኑን በዚያ ቁጥር የሚመራ አይታጣም። መሣሪያ የሌለውም ቢሆን ከመለካት አልዳነም፤ ማታ ጋደም ሲል «ዛሬ እንዴት ነበርሁ? ነገንስ እችለው ይሆን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ መልሱንም ራሱ ይሰጣል።

ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ቢመታ ደኅና ነው ይላሉ ሐኪሞች። ስፋቱ ራሱ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ቢቆጥር 64 ሊያገኝ ይችላል፤ ያው ሰው የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ ከቦኖ ሲመለስ ቢቆጥር ከ120 ሊያልፍ ይችላል፤ አቦሉን ከጠጣ በኋላ፣ ትኩሳት ሲጀማምረው፣ ወይም ስሙን ከማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ፈልጎ አጥቶ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ከእነዚህ ውስጥ የእሱ የትኛው ነው ቢባል ሁሉም የእሱ ናቸው። ልቡ አንድም ጊዜ አልዋሸም። ይሁን እንጂ ሰኞ በመደቡ ላይ ተጋድሞ፣ ሐሙስ ደግሞ ጀሪካኑን እንዳወረደ ቆጥሮ «በሦስት ቀን ውስጥ ልቤ ተበላሸ» የሚል ሰው ያስተያየው ራሱን ከራሱ ጋር ሳይሆን መደቡን ከጀሪካኑ ጋር ነው።

ይህን ነገር አያቶቻችን በገበያ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። እህል በቁና ሲሰፈር ክርክሩ ስለ ቁናው ብቻ አልነበረም። ቁናው ያው ቁና ሆኖ ሳለ፣ እህሉን ቀስ አድርጎ የሚያፈስሰውና ቁናውን ነቅነቅ እያደረገ የሚጠቀጥቀው ሰው የሚሰፍሩት እኩል አይሆንም። አንዱ የቁናውን አፍ በእጁ ጠርጎ ያስተካክለዋል፤ ሌላው እስኪፈስ ይቆልለዋል። ስለዚህ አዋቂ ገዢ አስቀድሞ ስለ አሰፋፈሩ ይጠይቃል፤ በቁልል ከሆነ በቁልል፣ በትክክል ከሆነ በትክክል፣ ከመጀመሪያው ቁና እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት እንዲሆን ቆሞ ይጠብቃል። መቆለል ይሻላል ወይስ ማስተካከል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ መሐል ላይ መለወጡ ነው ነውሩ። ዛሬም ራሽን በሚታደልበት ስፍራ ዐይናችን ከመስፈሪያው ላይ የማይነሣው ስለዚሁ ነው። ሰው ታዲያ ለእህሉ ያሰበውን ያህል ለገዛ ነፍሱ ሳያስብ ለምን ይቀራል?

የሰውን ኃይል የመለካት ታሪክ ሲያነቡት በመጀመሪያ የመሣሪያ ታሪክ ይመስላል። ረጋ ብለው ሲያዩት ግን ከግማሽ በላዩ የዝግጅት ታሪክ ነው። በጣልያን አገር በፓዱዋ ከተማ ያስተምር የነበረው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ (እ.ኤ.አ. 1561–1636) ከትልቅ ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ 30 ዓመት ያህል ራሱን ሲመዝን ኖረ። የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱ የሚወጣውንም ሳይቀር መዘነ። እ.ኤ.አ. በ1614 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በአንድ ቀን 8 ፓውንድ ምግብና መጠጥ ቢወስድ 5 ፓውንድ ያህሉ ዐይን በማያየው መንገድ፣ በቆዳና በትንፋሽ፣ ሊወጣ እንደሚችል አስረዳ። ይህ በአንድ ቀን ምዘና አይገኝም። ያው ሰው ወደዚያው ወንበር በዚያው ልማድ ሲመላለስ የኖረ በመሆኑ ነው የማይታየው ነገር የታየው። ይኸው ሐኪም የደም ሥርን ምት የሚለካበት ክርም ነበረው፦ ከጫፉ ክብደት የታሰረበትን ክር እያወዛወዘ፣ ውዝዋዜው ከሕመምተኛው ምት ጋር እስኪገጥም ድረስ ክሩን ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። በዚያ ዘመን ሰኮንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ስላልነበረ የክሩ ርዝመት እንደ ቁጥር ሆኖ ያገለግለው ነበር። ክሩ ያስፈለገውም ሕመምተኛው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ሌላ ቀን ከሚኖረው ጋር በትክክል ለማስተያየት ነው፤ «ፈጠን ያለ ይመስለኛል» በሚል ትውስታ ላይ ላለመደገፍ።

ከእሱ በኋላ 170 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ አርማን ሴጌን የተባለውን ባልደረባውን ጭንብል አልብሶ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ለካ። ባዶ ሆዱን ዐርፎ ለካው፤ በብርድ ለካው፤ ከበላ በኋላ ለካው፤ ክብደት እያነሣ እያለም ለካው። እያንዳንዱን ለየብቻ በማድረጉ ብርድ፣ የምግብ መፈጨትና ሥራ እያንዳንዳቸው የሰውነትን ወጪ እንደሚጨምሩ፣ ሥራ ደግሞ እጅግ አብልጦ እንደሚጨምር ታወቀ። እዚህ ላይ ላቯዚዬ ከሳይንሱ ወጣ ብሎ ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ልብ ይነካል፦ በክንዱ ሠርቶ የሚያድረው ድኻ ከሥራ ፈቱ ሀብታም ይልቅ ከሰውነቱ ብዙ ያወጣል፤ እንግዲያው ብዙ መብላት የሚያሻው እሱ ሆኖ ሳለ ትርፉ በሀብታሙ ገበታ ላይ የሚገኘው በምን ዕጣ ነው? ጥያቄው የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1789፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነበር። ሰውዬው ራሱ ከንጉሡ ግብር ሰብሳቢዎች አንዱ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1794 በዚያው አብዮት አንገቱን ተቀልቷል።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። የሴጌን የዕረፍት ልኬትና የሥራ ልኬት ተደባልቀው ቢጻፉ ኖሮ የድኻው ሸክም በአኃዝ አይታይም ነበር። ዝግጅቱ እኩል በመሆኑ፣ ልዩነቱ የመጣው ከሥራው እንጂ ከሰውዬው ስንፍና ወይም ከአያያዙ እንዳልሆነ ማንም ሊክደው አልቻለም። እኩል መዘጋጀት ፍርድን ይረዳል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየጠበቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1919 ሀሪስና ቤኔዲክት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ136 ወንዶች፣ በ103 ሴቶችና በ94 አራስ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ልኬቶችን አጥንተው፣ አንድ ጎልማሳ ምንም ሳይሠራ ለመኖር ብቻ የሚያቃጥለውን ኃይል ከክብደቱ፣ ከቁመቱና ከዕድሜው የሚገምት ስሌት አወጡ። እንዲህ ያለ ልኬት የሚደረግለት ሰው 12 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምስ ያድራል፤ ነቅቶ ግን ሳይንቀሳቀስ ይጋደማል፤ ክፍሉ አይበርድም፣ አይሞቅም፤ ሰውዬውም ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ እንዲሆን ይደረጋል። የመጨረሻውን ሁኔታ ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። እንዲህ ያለውን ክፍል የሚያውቅ ካለ አድራሻውን ይላክልን።

አንድ ወዳጃችን በቡና ላይ ይህን ሰምቶ አጥብቆ ሞገተን። «ይህ ሁሉ ዝግጅት ሰውን ከኑሮው ነጥሎ ማውጣት ነው። ባዶ ሆዱን ተጋድሞ፣ ሳይበርደው፣ ሳይሞቀው፣ ሳያስብ የሚኖር ሰው የት አለ? እንዲህ ተደርጎ የተገኘ ቁጥር የማንም ቁጥር አይደለም። እኔን ማወቅ የሚፈልግ እንጨት ተሸክሜ ስመጣ ይለካኝ» አለ። ክርክሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሰው ማለት ሥራውም፣ ጭንቀቱም፣ ሸክሙም ጭምር ነው፤ ሰውን ከእነዚህ ሁሉ አራቁቶ «እውነተኛው አንተ ይህ ነህ» የሚል ሳይንስ ካለ እኛም ከወዳጃችን ጎን ቆመን እንቃወመዋለን።

ነገር ግን የተጋደመው ሰው ቁጥር «እውነተኛው አንተ» ነው ያለ የለም። ያ ቁጥር እንደ ምሶሶ ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደ ራቀ የሚታየው ከእሱ ተነሥቶ ሲለካ ነው። ምሶሶው የግድ ዕረፍት መሆንም የለበትም። ወዳጃችን በሸክሙ መለካት ከወደደ መብቱ ነው፤ ግን ሸክሙ ያው ሸክም፣ መንገዱ ያው መንገድ፣ ሰዓቱም ያው ሰዓት ይሁን። ከቦኖው እስከ ቤቱ ያለችውን መንገድ በሁለት ጀሪካን፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይሂድና ይቁጠር፤ በሳምንቱም እንዲሁ ያድርግ። ያኔ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የተፈጠረው ልዩነት ስለ እሱ ይናገራል። አንድ ቀን በባዶ እጁ፣ አንድ ቀን በሁለት ጀሪካን ከሄደ ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጀሪካኑ ነው። ወዳጃችን ስለ ሸክሙ ያልነውን ተቀበለ። የጾሙን አልተቀበለም፤ ቡና ሳይጠጣ የተለካ ሰው ሰው አይደለም ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ለጉዳዩ ቅርብ የሆነው የደም ግፊት ነውና በእሱ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ በየብሎኩ የሚለካው ሰው ብዙ ነው። ክንድን በሚነፋ ከረጢት አስሮ መለካትን ጣልያናዊው ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳየ፤ በክንዱ ላይ ማዳመጫ አድርጎ ድምፁን መስማትን ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ እ.ኤ.አ. በ1905 ጨመረበት። መሣሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው፤ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ዝግጅቱ ነው። የሚለካው ሰው ቢያንስ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ይገባዋል። ከዚያ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም፤ አያጨስም። ሽንቱ መጥቶ ከሆነ አስቀድሞ ይሽና፤ የያዘው ሽንት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ጀርባው ይደገፍ፤ እግሩ ሳይነባበር መሬት ይርገጥ፤ ክንዱ በልቡ ትክክል በአንድ ነገር ላይ ይረፍ። እየተለካም አያውራ፤ ወሬ እንኳ 10 ሚሊሜትር ያህል ሊጨምር ይችላል። ስለ ራሽኑ መቀነስ እያወራ ከሆነ ስንት እንደሚጨምር አንባቢያችን ይገምት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲቀርባቸው ብቻ ግፊታቸው የሚያሻቅብ ሰዎች መኖራቸውንም ሐኪሞች ራሳቸው መዝግበዋል።

እስከዚህ ያወራነው ስለ ክንድና ስለ ልብ ነው። የኅሊናው ጉዳይ የሚነሣው ግን ሰዓቱን የሚመርጠው ራሱ ተለኪው በመሆኑ ነው። ራሱን የሚለካበትን ሰዓት እንደ ስሜቱ የሚመርጥ ሰው ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል። አንዱ ደኅና የተኛበትን፣ መልካም ወሬ የሰማበትን ቀን መርጦ ይለካል፤ ራሱ የዞረበትን ቀን ደግሞ «ዛሬስ ይለፈኝ» ይላል፤ ደብተሩ ንጹሕ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን ሰውዬው ይወድቃል። ሌላው ደግሞ የሚለካው ሲከፋው ብቻ ነው። በስደት የሚበዛው ይኼኛው ይመስለናል። ደስ ያለው ሰው እኩለ ሌሊት ተነሥቶ የልቡን ምት ሲቆጥር አላየንም። የሚቆጥረው የፈራው ነው፤ ፍርሃቱ ምቱን ያፈጥነዋል፤ የፈጠነውን ቆጥሮ የበለጠ ይፈራል፤ እንደገናም ይቆጥራል። በመጨረሻ «አልቆልኛል» ይላል። የአንድ ወገን ምስክር ብቻ ጠርቶ የሚፈርድ ዳኛ ቢገጥመን ይግባኝ እንላለን፤ በገዛ ራሳችን ላይ ግን እንዲህ ያለውን ዳኛ በየሌሊቱ እናስችላለን።

ቁጥር በሌለበትም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። በአገር ቤት አስተማሪ የነበረ ሰው እዚህ አንድ ገጽ አንብቦ ሲደክመው «ጭንቅላቴ ሞተ» ይላል። ገበሬ የነበረው ለሰዓታት በወረፋ ቆሞ ጉልበቱ ሲከዳው «ሰነፍሁ፤ ያ እኔ የት ሄደ?» ይላል። ያ አስተማሪ በዚያን ጊዜ በልቶ የተኛ፣ ጠረጴዛና መብራት ያለው፣ ጠዋት የሚጠብቁት ተማሪዎች ያሉት ሰው ነበር። ያ ገበሬም ሲደክመው ደቦ የሚወጣለት ጎረቤት፣ ሲመለስ ጠላ የምትቀዳለት ሚስት ነበረችው። የዛሬውን ሰው ከዚያ ጋር ማስተያየት ቅድም እንዳልነው መደቡን ከጀሪካኑ ጋር ማስተያየት ነው። ከተስፋ መቁረጥ ስንቱ ክፍል ከእውነተኛ ድካም፣ ስንቱስ ከእንዲህ ያለ የተዛባ አሰፋፈር እንደ መጣ እያንዳንዱ ለራሱ ይመርምር። አስተማሪው ራሱን መለካት ከፈለገ ባለፈው ወር ከነበረው ራሱ ጋር ይለካ፦ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ያህል ተኝቶ፣ የዚያኑ መጽሐፍ አንድ ገጽ ያንብብ።

ይህን ስንል ለስንፍና ምክንያት ማቀበላችን እንዳይደለ ይታወቅልን። «ሁኔታው ልዩ ነውና ልለካ አልችልም» ብሎ ከልኬት ሁሉ የሚሸሽ ሰውም አለ፤ እሱም የሚሸሸው ከእውነት ነው። እኩል መዘጋጀት ለዚህም ሰው መልስ አለው፤ ሁኔታው እኩል ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከወረደ የሚያመካኝበት አይኖርምና። ማመካኛን አስቀድሞ ማስወገድ ማለት ነው፤ ስለዚህም የሚከብደን ይመስለናል።

ለመዘጋጀት ደግሞ እኛ እንግዶች አይደለንም። ቆራቢው በሚቆርብበት ዕለት እህል ውኃ ሳይቀምስ ይሄዳል፤ ሰጋጁ ከሶላት በፊት እጁን፣ ፊቱንና እግሩን ይታጠባል። ቆራቢው ደስ ያለው ቀን አይበላም፤ ሰጋጁም የከፋው ቀን ውዱእን አይተውም። ያዘነውም የተደሰተውም፣ ባለጸጋውም ለማኙም በአንድ ሥርዓት ነው የሚያልፈው። ይህ ሥርዓት የመጣው ለቁጥር ተብሎ አይደለም፤ ነገሩን ማቀላቀል አንሻም። ነገር ግን ከመንገድ ይዘነው የመጣነውን አቧራ ከደጅ ትቶ መግባት ምን ማለት እንደ ሆነ እጃችንና እግራችን ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ከባዱን ጉዳይ ወደ ኋላ አቆይተነዋል፤ ልኬቱ እንጀራ የሚያስቆርጥ ወይም የሚያስገኝ ሲሆንስ? ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በቀዩ ላይ ይወድቃል፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው ቢጫ ነው፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። በቀይና በቢጫ መካከል ያለው አንዳንድ ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ነው፤ በዚያች ሚሊሜትር አልሚ ምግብ ይሰጣል ወይም ይቀራል። ልጇን ይዛ የተሰለፈች እናት ጥብጣቡ ጠበቅ ቢል ብትመኝ፣ በዚያ ጠዋት ልጁን ሳታበላ ብታመጣው፣ ማን ይፈርድባታል? እኛ አንፈርድባትም። ለአንድ ሰው በቀን 2100 ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚታሰበው የዕርዳታ ልክ ራሱ ለሕፃን፣ ለሽማግሌና ለጎልማሳ በአንድነት የወጣ አማካይ ነው፤ በአካፋ የሚሠራው ሰው ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ እሱም ሁልጊዜ ሙሉው አይደርስም። የላቯዚዬ ጥያቄ ከፓሪስ ተነሥታ እዚህ ድረስ መጥታለች።

አንፈርድባትም ካልን በኋላ ግን አንድ ነገር ልንነግራት እንወዳለን። በዚህ ወር ጥብጣቡ ጠብቆ ልጁ በቀዩ ላይ ከተጻፈ፣ በሚቀጥለው ወር በእርግጥ ከስቶ ቀይ ሲሆን ወረቀቱ «ለውጥ የለም» ይላል። የዛሬዋ ሚሊሜትር የነገውን ጩኸት ታፍነዋለች። ስለዚህ ልጇን በሁለቱም ወር በአንድ ሁኔታ ብታቀርበው፣ ሲከሳ ቶሎ እንዲታወቅለት ተጨማሪ ምስክር ሰጠችው ማለት ነው። የበለጠው ዕዳ ያለበት ግን ጥብጣቡን የያዘው ሰው ነው። የግራውን ክንድ መያዝ፣ ከትከሻና ከክርን መካከሉን በትክክል ማግኘት፣ ክንዱ ዘና ብሎ እስኪንጠለጠል መጠበቅ፣ ጥብጣቡን ሥጋውን ሳያስጨንቁ ሳያላሉም ማየት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ሰልፉ ረዘመ ብሎ ለአንዱ ሕፃን ይህን አድርጎ ለሌላው የሚተው ሰው፣ ቁናውን ለአንዱ ቆልሎ ለሌላው አጉድሎ እንደ ሰፈረ ነው የምንቆጥረው። እናቲቱን ከመጠርጠር በፊት እሱን መጠየቅ ይቀድማል።

«ታዲያ ጸጥ ያለ 5 ደቂቃ ከየት ይምጣ?» የሚሉን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግድግዳችን ቆርቆሮና ሸራ ነው፤ የጎረቤት ራዲዮ በእኛ ቤት ውስጥ ነው የሚያወራው። እንደ ልብ የሚዘጋጅ ሰው በሩን መዝጋት የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ፍጹም ዝግጅት አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው እኩል የሆነ ዝግጅት ነው። ጫጫታው በየቀኑ ካለ፣ በየቀኑ በዚያው ጫጫታ ይለካ፤ ጎዶሎ ቁና እንኳ ሁልጊዜ በአንድ መጠን ከጎደለ የእህሉን መብዛትና ማነስ ያሳያል። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደ ተነሡ፣ ከቡና በፊት፣ ከሽንት በኋላ ያለው ሰዓት ለብዙዎቻችን የሚሻል ይመስለናል፤ ማታ ለሚቀናው ማታ ያድርገው፤ ብቻ ከማታ ወደ ጠዋት እየዘለለ አያስተያይ። የሁዳዴ ጾምና ረመዳን ሲገቡ አመጋገቡም እንቅልፉም ስለሚለወጥ የእነዚያን ወራት ቁጥር ለብቻው ማየት ይገባል።

አንዳንድ ቀን ደግሞ እኩል መሆን ጨርሶ አይቻልም። በዚያን ቀን ልኬቱን መተው ወይም እንዳልተለየ አድርጎ መጻፍ አያስፈልግም። ደብተር ያለው ሰው ለቁጥሩ አንድ መስመር፣ ከጎኑ ደግሞ ለሁኔታው ሌላ መስመር ይተው፤ ሰዓቱ ይጻፍ፤ ተኝቶ እንደ ሆነ፣ በልቶ እንደ ሆነ፣ ከቡና በፊት ይሁን በኋላ ይጻፍ። ሌሊቱን ነፋስ ሸራውን ሲያንገላታው አድሮ ከሆነ ይህም ይጻፍ። ልጅ እያለቀሰ የተለካ ከሆነ «ልጅ እያለቀሰ» ተብሎ ይጻፍ።